ዝምታ ወርቅ ሲሆን

«ዝምታ ወርቅ ነው» የሚለውን አባባል ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት አላስታውስም። ለዘይቤ ምሳሌነት ይመቸኝ ነበር። በኋላ ግን ዘይቤነቱ ቀርቶ ቃል በቃል እውነት የሆነበት ታሪክ ገጠመኝ። የአሜሪካ ጂምናስቲክ ታሪክ ነው፤ እዚያ የዝምታው ዋጋ የወርቅ ሜዳሊያ ነበር። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ሰውየው ላሪ ናሳር ይባላል። የብሔራዊው ቡድን ሐኪም፣ የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ባልደረባ ነበር። ወገባቸውን አሞን ብለው የመጡ ልጃገረዶችን «ሕክምና ነው» እያለ ለዓመታት ፆታዊ ጥቃት ፈጸመባቸው፤ አንዳንዴም ወላጅ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳለ። እኔን ያስገረመኝ ግን የሰውየው ክፋት አይደለም። ክፉ ሰው በየዘመኑ አለ። ያስገረመኝ ልጆቹ ተናግረው የነበረ መሆኑ ነው።

እስቲ በቅደም ተከተል እንየው። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ በ1997 ለዩኒቨርሲቲው አሠልጣኝ ነግሬያት ነበር ብላለች፤ ነገሩ ከዚያ አላለፈም። በ2014 ዩኒቨርሲቲው ሌላ አቤቱታ መርምሮ ሰውየውን ነፃ አደረገውና ወደ ሥራው መለሰው። በሐምሌ 2015 የጂምናስቲክ ፌዴሬሽኑ ጉዳዩን ለኤፍቢአይ አስታወቀ። ኤፍቢአይም ከአንድ ዓመት በላይ ነገሩን አጓተተው። በ2021 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዋና ተቆጣጣሪ ያወጣው ሪፖርት፣ የፍርድ ቤት ሰነዶችን ጠቅሶ፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ብቻ ወደ 70 የሚሆኑ ወይም የሚበልጡ ስፖርተኞች ጥቃት እንደደረሰባቸው ይገልጻል።

ዝምታው የተሰበረው በመስከረም 2016 ሬቸል ደንሆላንደር ስሟን ሳትደብቅ ለኢንዲያናፖሊስ ስታር ጋዜጣ በተናገረች ጊዜ ነው። በጥር 2018 ከ150 የሚበልጡ ሴቶች በሰባት ቀን ውስጥ በዳኛ ሮዝሜሪ አኩሊና ችሎት ቆመው የደረሰባቸውን ተናገሩ። ናሳር ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ዩኒቨርሲቲውም ለተጎጂዎች 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በ1997 ማዳመጥ እኮ በነፃ ነበር!

ታዲያ የጎደለው ምን ነበር? አፍ አልጎደለም፤ ጆሮ እንጂ። ልጆቹ አቤት ያሉት እንጀራቸውና ስማቸው ከሜዳሊያው ጋር ለታሰረ ሰዎች ነው። ለዚህ ነው በየካቲት 2018 የወጣው ሕግ ከልጆች ጋር የሚሠሩ የስፖርቱ ሰዎች ጥርጣሬ ሲገባቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ለሕግ አካል እንዲያሳውቁ ያስገደደው። አቤቱታ የሚመረምር ሴፍስፖርት የተባለ ማዕከልም ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ይሁንና ዋናው ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያው ከኦሊምፒክ ኮሚቴው ስለሆነ «ነፃነቱ የት ላይ ነው?» የሚሉ አልጠፉም። እውነት አላቸው።

እኛስ? ልጃችንን ለአሠልጣኝ ስንሰጥ «እንደ አባትህ እየው» እንላለን። ደግ ምክር ነው፤ ግን የልጁን አፍ አብሮ ይለጉማል። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ልጅዎን ሊያስመዘግቡ ሲሄዱ ስለ መለያውና ስለ ጫማው ከመጠየቅዎ በፊት አንድ ነገር ይጠይቁ፦ «ልጄ ቅር ያላት ነገር ቢኖር፣ ከእናንተ ውጭ ለማን ትናገር?» መልሱ «ለእኛው ትንገረን» ከሆነ፣ ያችን የ16 ዓመት ልጅ ያስታውሷት።