ብስክሌት ሞተር ሲያዝል

ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ፣ የባንካችን በር ገና ሳይከፈት፣ የአክስቴ ልጅ ከባሕር ዳር ደወለልኝ። የሰላምታ ጊዜ እንኳ አልሰጠኝም። «ጋሼ፣ ሞተር አገኘሁ!» አለኝ።

ሞተሩ በጣና ዙሪያ አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች ውኃ ይስቡበት ከነበረ አሮጌ ፓምፕ የተፈታ ነው። ሊገጥመው ያሰበው ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ በማይለየው ብስክሌቱ ላይ ነው፤ መሪው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ የተቀሰረ፣ ኮርቻው የረዘመ፣ የፊት ጎማው ከኋላው ያነሰ፣ ፈረንጆች «ቾፐር» የሚሉት ዓይነት። የጎደለው ገንዘብ ብቻ ነበር፤ ለበያጅና ለካቴና የሚሆን 6,000 ብር። ብሩን ከጠየቀ በኋላ ጥቂት ዝም አለና፣ «አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፤ ከዚህ በፊት እንዲህ ያደረገ ሰው አለ? ወይስ እኔ ነኝ ያበድኩት?» ሲል ጨመረ።

በባንክ ወግ፣ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት የተበዳሪው ታሪክ ይጠናል። የዚህን ተበዳሪ ታሪክ ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የሐሳቡን ታሪክ ላጠና ተነሣሁ። ያገኘሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ዘመናቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

ሞተር ብስክሌት ዛሬ ራሱን የቻለ ፍጥረት ይመስለናል። በጽንሱ ግን ሞተር የታሰረበት ብስክሌት ነበር። ጀርመናውያኑ ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባህ በ1885 ባለ ግማሽ የፈረስ ጉልበት የቤንዚን ሞተራቸውን የሞከሩት በእንጨት በተሠራ፣ ሁለት ትንንሽ ደጋፊ ጎማዎች በጎኑ ባሉት ባለ ኮርቻ ተሽከርካሪ ላይ ነው። አሜሪካዊው ሲልቨስተር ሮፐር ደግሞ የእንፋሎት ሞተሩን በአንድ ለእግር በተሠራ ብስክሌት ላይ ገጥሞ፣ ጁን 1 ቀን 1896 በኬምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ፣ በብስክሌት መሮጫ ሜዳ ላይ ከወጣቶች ጋር ተሽቀዳደመ። ዕድሜው 72 ነበር። ሽማግሌው ወጣቶቹን ቀደማቸው። በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ እየከነፈ ሳለ ግን ብስክሌቱ ሲንገዳገድ ታየ፤ ሮፐርም ወደቀ። ሲያነሡት ነፍሱ ወጥታ ነበር። ልቡ በመቆሙ ወደቀ ወይስ በመውደቁ ልቡ ቆመ? ይህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

ይህን ሳነብ የአክስቴ ልጅ መልክ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ቢሆንም ንባቤን አላቆምኩም።

በፓሪስ ይኖሩ የነበሩት የቬርነር ወንድማማቾች በ1897 ለገበያ ባቀረቡት ብስክሌት ላይ ሞተሩን ከፊት ጎማው በላይ ሰቀሉት። ክብደቱ ከላይ በመሆኑ ብስክሌቱ በርጥብ መንገድ ላይ መንሸራተት አመጣ። በ1901 ሞተሩን አውርደው ፔዳሉ በሚዞርበት በታችኛው ቦታ አኖሩት፤ የሞተር ብስክሌት ሞተር ዛሬም ያንን ስፍራ አልለቀቀም። በዚያው ዓመት በአሜሪካ፣ በሚልዋኪ ከተማ፣ ዊልያም ሃርሊ የተባለ ወጣት 116 ሲሲ የሆነች ሞተር ንድፍ አወጣ። ከአብሮ አደጉ ከአርተር ዴቪድሰን ጋር በ1903 ሠርተው በብስክሌት ላይ ሲሞክሯት፣ ፔዳል ካልታገዘች የከተማዋን አቀበት አልወጣ አለች። ሁለቱ ወጣቶች ትምህርቱን ወስደው ብስክሌቱን ተዉት፤ ለሚቀጥለው ትልቅ ሞተራቸው ጠንከር ያለ አካል ሠሩለት። ሃርሊ ዴቪድሰን የሚባለው ስም እንግዲህ አቀበት ባቃታት ብስክሌት ይጀምራል።

ልቤን ከሁሉ አብልጦ የነካው ግን የጃፓን ታሪክ ነው። ዓመቱ 1946 ነው፤ ጃፓን በጦርነት ተሸንፋ ከተሞቿ ፈርሰዋል፣ ባቡሮቿ በሰው ተጨናንቀዋል፣ ቤንዚን የሚታደለው በራሽን ነው። በሐማማትሱ ከተማ ሶይቺሮ ሆንዳ ለጦር ሠራዊት የሬዲዮ መገናኛ ኤሌክትሪክ እንድታመነጭ የተሠራች ትንሽ ሞተር አየ። ጦርነቱ ስላበቃ የሚፈልጋት አልነበረም። ሆንዳ ግን በብስክሌት ላይ ገጠማት። ለነዳጅ ማጠራቀሚያነት መጀመሪያ የተጠቀመበት፣ ጃፓናውያን በክረምት ሙቅ ውኃ ሞልተው መኝታቸውን የሚያሞቁበትን ዕቃ ነው። በመንገድ ላይ እንድትሞክረው ያደረጋትም ባለቤቱን ሳቺን ነበር። ወደ 500 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሞተሮችን ገዝቶ በየብስክሌቱ እየገጠመ ሸጠ። ሞተሮቹ ሲያልቁበት በ1947 የራሱን ሠራ። ሰዉም ከድምፁ ተነሥቶ «ባታ ባታ» አለው። ኩባንያው በ1948 ተቋቋመ። በ1952 ደግሞ በብስክሌት የኋላ ጎማ ላይ የምትገጠም ቀይ ሞተር ሠርቶ፣ በሀገሩ ላሉ ወደ 50,000 ለሚጠጉ የብስክሌት መደብሮች ደብዳቤ ተላከ። ለመግደል ከተሰናዳ ሠራዊት የተረፈች ሞተር፣ በተራበ ዘመን ሰውን ወደ ገበያና ወደ ሥራ አደረሰች።

በጣልያንም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የሬዲዮ ዕቃ ይሠራ የነበረው የዱካቲ ፋብሪካ በ1944 በቦምብ ወደመ። ከጦርነቱ በኋላ ያነሣው ታላቅ የሞተር ብስክሌት ስም ሳይሆን «ኩቾሎ» የተባለች 48 ሲሲ የብስክሌት ሞተር ናት፤ ትርጓሜውም «ቡችላ» ማለት ነው። ፍሬን፣ ካቴና፣ ካንዴላ፣ ጎማ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸውና፣ የአክስቴ ልጅ በባሕር ዳር ጋራዥ ሲነጋገር ሳያውቀው በከፊል የእነዚያን ሰዎች ቋንቋ ይናገራል።

ቾፐርስ ከየት መጣ? ቃሉ «መቁረጥ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ይወጣል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካውያን ወጣቶች ከከባድ ሞተር ብስክሌት ላይ ትርፍ የመሰላቸውን ብረት ቆርጠው ይጥሉ ነበር፤ እየቆየ የፊት ሹካውን አስረዘሙ፣ መሪውን ሰቀሉ። «ኢዚ ራይደር» የተባለው የ1969 ፊልም ይህን መልክ ለዓለም አሳየ። የፊልሙን ሞተር ብስክሌቶች ያበጁት ቤን ሃርዲና ክሊፈርድ ቮግስ የተባሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ስማቸው ግን በፊልሙ ላይ አልተጻፈም፣ ለረጅም ዘመንም ተረስቶ ኖረ።

ሞተር መግዛት የማይችሉት የካሊፎርኒያ ልጆች ደግሞ ያንን መልክ በትንሽ ብስክሌታቸው ላይ አመጡት። የሽዊን ኩባንያው አል ፍሪትዝ ይህን አይቶ በ1963 «ስቲንግ ሬይ» የተባለውን ብስክሌት አወጣ። የእንግሊዙ ራሌይ ተከትሎ «ቾፐር» የሚል ስም የሰጠውን አቀረበ፤ ማርሽ መቀየሪያው እንደ መኪና ከፊት ለፊት የቆመ ነበር። ነገሩ ያስቃል። ብስክሌት ሞተር ብስክሌትን ወለደ፤ ዘመን ሲገለባበጥ አባት የልጁን ልብስ ለብሶ ወደ አደባባይ ወጣ። የጎደለው ሞተሩ ብቻ ነበር። እኛም በልጅነታችን በየሰፈሩ በደቂቃ በምንከራየው ብስክሌት ጎማ ሽቦዎች መካከል የፕላስቲክ ቁራጭ ሰክተን «ድርርርር» ስናሰኝ፣ የጎደለውን በድምፅ እየሞላን ነበር።

ስለዚህ የአክስቴ ልጅ አላበደም። መቶ ዓመት ያለፈውን ክብ ሊዘጋ ነው የፈለገው። ነገር ግን ከታሪኩ ያገኘሁት ሌላም ነገር አለ። ብስክሌት ለሰው እግር የተበጀ ነው። ቾፐር ብስክሌት ደግሞ ተቀማጩን ወደ ኋላ ስለሚያስቀምጥ ፊቱ ይቀልላል፤ ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። የሞተር ንዝረት ብሎን ያላላል፣ ብየዳ ይሰነጥቃል። ፍሬኑም የእግርን ፍጥነት እንጂ የሞተርን አያውቅም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚያበርደው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናልና።

በሳምንቱ ደወልኩለት። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ሞተሩን ዝቅ አድርጎ እንዲያስር፣ የአካሉን መጋጠሚያ እንዲያጠናክር፣ ስለ ሰሌዳና መንጃ ፈቃድ አስቀድሞ እንዲጠይቅ ነገርኩት። በትዕግሥት ሰማኝና፣ «እሺ ጋሼ፣ ብሩስ?» አለኝ።

ብሩን በዚያው ቀን ላክሁ። በማስተላለፊያ ቅጹ ላይ «ምክንያት» በሚለው መስመር «ለፍሬን» ብዬ ጻፍኩ። ሲደርሰው መልሶ ደወለ። «ሞተሩስ?» ሲል ጠየቀኝ። «ሞተሩማ አለህ» አልኩት፤ «የሌለህ መቆሚያው ነው።»

ቸር እንሰንብት።