የቪየና ሕንፃና ማዕድ ሠሪዎች

የአንድ ከተማ ታሪክ በቤተ መንግሥቱና በሐውልቱ ብቻ አይነበብም፤ በጡቡና በማዕዱም ይነበባል። የኦስትሪያ ርዕሰ ከተማ ቪየና ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ናት።

ወደ ቪየና የሚሄድ ጎብኚ አስቀድሞ የሚያየው መሀል ከተማዋን የሚከበውን የሪንግ ጎዳና ነው። ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ በ1857 (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባዘዘው መሠረት ጥንታዊው የከተማ ቅጥር ፈርሶ፣ በስፍራው የተቀየሰው ሰፊ ጎዳና በ1865 ተመረቀ። ኦፔራ ቤቱ፣ ፓርላማውና ዩኒቨርሲቲው የቆሙት በዚሁ ጎዳና ዳር ነው። ለከተማዋ ግንባታ ጡብ ይመረት ከነበረባቸው ስፍራዎች ዋነኛው በስተደቡብ የሚገኘው የቪነርበርግ ኮረብታ ሲሆን፣ ሸክላውን አቡክተው ጡቡን የሚያቃጥሉት አብዛኞቹ ላብ አደሮች ከቦሄሚያና ከሞራቪያ የፈለሱ ቼኮች ነበሩ። ሐኪሙና የሶሻል ዴሞክራሲ መሪው ቪክቶር አድለር በ1888 በድብቅ ወደ ስፍራው ገብቶ ያየውን በጋዜጣ አጋለጠ። ላብ አደሩ ለድካሙ የሚከፈለው በገንዘብ ፈንታ የቆርቆሮ ምልክት ነበር፤ ምልክቱም ከአሠሪው ምግብ ቤትና ሱቅ ውጭ ዋጋ አልነበረውም። ከተማዋ በጡቡ ስታጌጥ፣ ጡብ ሠሪው የሚበላውን እንኳ ከወደደበት ስፍራ ሊገዛ አይችልም ነበር።

የቪየና ባህላዊ ምግብም የአንድ ብሔር ፈጠራ አይደለም። በቀይ በርበሬ የሚሠራው የሥጋ ወጥ፣ ጉላሽ፣ መነሻው የሀንጋሪ እረኞች ድስት ነው። ፓላቺንከን የሚባለው ስስ ጥቅል ቂጣ ስሙን ያገኘው ከሀንጋሪ ቋንቋ፣ ፖቪድል የሚባለው የፕለም ማርማላታም ከቼክ ቋንቋ ነው። በከበርቴው ወጥ ቤት ያገለግሉ የነበሩት የቦሄሚያ ሴቶች የአገራቸውን ሙያ ለከተማዋ ማዕድ አውርሰዋል።

የቡናው ታሪክ ደግሞ ከኢትዮጵያ ምድር ይነሣል። ከዚህ የበቀለው ተክል በየመንና በኦቶማን ግዛት አልፎ ቪየና ደረሰ። አፈ ታሪክ በ1683 ከተከበበችው ከተማ ሾልኮ መልእክት ያደረሰው ኮልሺትስኪ፣ ጠላት ጥሎት የሸሸውን ቡና ተሸልሞ የመጀመሪያውን ቡና ቤት እንደከፈተ ይተርካል። የመዝገብ ማስረጃ ግን በ1685 ቡና የመሸጥ ፈቃድ ያገኘው ዮሐንስ ዲዮዳቶ የተባለ የአርመን ነጋዴ መሆኑን ያረጋግጣል። አፈ ታሪኩ ለጦር ጀግና የሰጠው ክብር በእርግጥ የስደተኛው ነጋዴ ነበር። የቪየና ቡና ቤት ባህል በ2011 በኦስትሪያ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

የሪንግን ጎዳና ያየ ጎብኚ ወደ ሰሜን ዘልቆ ካርል ማርክስ ሆፍን ሳያይ ቢመለስ ጉብኝቱ ጎደሎ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ከ1927 እስከ 1930 በአርክቴክት ካርል ኤን ንድፍ ያሠራው ይህ ሕንፃ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ሲሠራ ከ1300 በላይ የላብ አደር መኖሪያዎች፣ የልብስ ማጠቢያዎች፣ መዋዕለ ሕፃናትና ቤተ መጻሕፍት ነበሩት። በየካቲት 1934 ሠራተኞች በትጥቅ ሲታገሉ በመድፍ ቢደበደብም ጸንቶ ቆሞ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። በሪንግ ጎዳና ጡብ ሠሪው ስሙ አልተጻፈም፤ በዚህ ግን ላብ አደሩ የቤቱ ነዋሪ ሆነ። ቅርስ ሙሉ ትርጉም የሚያገኘው ሠሪው ከሥራው ጋር ሲታወስ ነው።