ደም፣ ሜዳና ወረቀት፦ የጌዲዮን ዘላለም የአውሮፓ ጉዞ ለንፋስ ስልክ ላፍቶ ምን ያስተምራል?

መግቢያ

ጃንዋሪ 24 ቀን 2014 አርሰናል በኤፍ ኤ ካፕ ኮቬንትሪ ሲቲን ሲያስተናግድ ጌዲዮን ዘላለም የተባለ ወጣት አማካይ ተቀይሮ ገባ፤ 17ኛ ዓመቱን ሊደፍን ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በርሊን ተወለደ፤ ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ አደገ፤ ለጀርመን ታዳጊ ቡድኖች ተሰለፈ፤ በመጨረሻም የአሜሪካን ማሊያ መረጠ። (በዚህ መጣጥፍ ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እንዲህ ያለ ተጫዋች ሲነሳ በአገራችን ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ለምን ለእኛ አልተጫወተም?» የሚል ነው። ጥያቄው ከወገን ፍቅር የመነጨ ስለሆነ አይነቀፍም፤ ግን ቦታውን ስቷል። የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ይህ ነው፦ ተጫዋችን ለአውሮፓ የሚያበቃው ደሙ ሳይሆን ከ8 እስከ 16 ዓመቱ ያገኘው ሜዳ፣ ያገኘው ውድድርና በእጁ የያዘው ወረቀት ነው። ይህን የሚወስኑት ደግሞ ከፌዴሬሽን ጽሕፈት ቤት ይልቅ እንደ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ባለ ክፍለ ከተማ በየወረዳው የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

የጉዞው መዝገብ

ጌዲዮን ወደ አሜሪካ የሄደው በ2006፣ ገና በ9 ዓመቱ ነው። በሜሪላንድ ኦልኒ ሬንጀርስ በተባለ የታዳጊዎች ክለብ ተጫወተ። ኦልኒ ስሙ በዓለም የገነነ አካዳሚ አይደለም፤ የሰፈር ልጆች በዕድሜያቸው ተመድበው፣ አሠልጣኝ ተመድቦላቸው፣ መርሐ ግብር ወጥቶላቸው የሚጋጠሙበት ክለብ ነው። በዳላስ ካፕ የታዳጊዎች ውድድር ላይ ዓይን ውስጥ የከተተው የአርሰናሉ መልማይ ዳኒ ካርባሲዩን ነበር። ካርባሲዩን ራሱ ለአርሰናል የተጫወተ አሜሪካዊ ሲሆን፣ በጉልበት ጉዳት መጫወት ቢያቆምም ልምዱ በምልመላ ሥራ ቀጥሏል። ጌዲዮን በ2013 ለንደን ገባ፤ በዲሴምበር 2014 በቻምፒዮንስ ሊግ ጋላታሳራይን ሲገጥሙ ከእረፍት በኋላ ተሰለፈ። በ2015/16 በውሰት ለስኮትላንዱ ሬንጀርስ ተጫውቶ ክለቡ ወደ ከፍተኛው ሊግ ሲመለስ አብሮ ነበር። በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ለሆላንዱ ቬንሎ በውሰት ሄደ፤ ያ ቡድንም የሁለተኛውን ሊግ ዋንጫ አንሥቶ አደገ። በዚያው ዓመት ግንቦት ደቡብ ኮሪያ ላይ፣ በዓለም ከ20 ዓመት በታች ዋንጫ አሜሪካ ኢኳዶርን ስትገጥም፣ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በ2019 ወደ አሜሪካ ሊግ ተመልሶ ለካንሳስ ሲቲ፣ ቀጥሎም ለኒውዮርክ ሲቲ ፈረመ። ከዚህ መዝገብ የምንረዳው በመጀመሪያ አንድ ነገር ነው፦ መልማዩ ልጁን ያየው ልጁ የሚታይበት ውድድር ስለነበረ ነው።

ወረቀት ድንበር ሲከፍት

ሜዳው ብቻውን ግን ለንደን አያደርስም። የፊፋ የዝውውር ደንብ አንቀጽ 19 ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑ ተጫዋቾች ከአገር ወደ አገር እንዳይዛወሩ ይከለክላል። ከጥቂቶቹ ልዩ ሁኔታዎች አንዱ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በአውሮፓ ኅብረት ክልል ውስጥ እንዲዛወሩ የሚፈቅደው ነው። ብሪታንያ ያኔ የኅብረቱ አባል ነበረች፤ ጌዲዮን ደግሞ ጀርመናዊ ዜግነት ነበረው። ክርስቲያን ፑሊሲክም በአያቱ በኩል ባገኘው የክሮኤሺያ ዜግነት ለቦሩሲያ ዶርትሙንድ ገና በታዳጊነቱ መጫወት ችሏል። በልጅነቱ ጥቂት ዓመታት ጀርመን የኖረውና የአውሮፓ ፓስፖርት ያልነበረው ዌስተን ማኬኒ ግን ለሻልከ የፈረመው 18 ዓመት ሲሞላው ነው። ሦስቱም ባለተሰጥኦ አሜሪካውያን ናቸው፤ የበሩን ጊዜ የወሰነው ግን ሰነድ ነው። ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድን መጫወቱም እንዲሁ በሰነድ ያለቀ ጉዳይ ነበር። ጌዲዮን በ2014 መጨረሻ፣ 18 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ዜግነት አገኘ። ፊፋ በግንቦት 2015 ካጸደቀለት በኋላ ኒውዚላንድ ላይ በተካሄደው የዓለም ከ20 ዓመት በታች ዋንጫ ተሰለፈ። የተወለደበት አገር፣ የወላጆቹ አገርና ያደገበት አገር ሦስቱም ሊጠይቁት ይችሉ ነበር፤ ያደገበት አሸነፈ።

የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ ምን ይላል? የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ዓ.ም. ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ እንደሆነ ይደነግጋል። በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ግን ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያን እንደሚመርጥ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ዓ.ም. በርካታ መብቶችን ቢሰጥም ዜግነት ስላልሆነ የብሔራዊ ቡድን ማሊያ አያለብስም። ስለዚህ እዚህ ያለው ጥያቄ ልጁ አገሩን ይወዳል ወይስ አይወድም የሚል አይደለም። አንድ የ18 ዓመት ወጣት የእንጀራውን በር የከፈተለትን ፓስፖርት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲጥል መጠየቅ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል ነው።

መቃወሚያዎችና መልሳቸው

የመጀመሪያው መቃወሚያ፣ የአንድ ሰው ታሪክ፣ ያውም በጉዳት የተሰናከለ፣ አጠቃላይ ሕግ አይሆንም የሚል ነው። እውነት ነው፤ ጉዳቱ የጉዞውን ከፍታ ወስኗል። የጉዞውን መነሻ ግን አልወሰነም፤ እኛ የምንመረምረው ደግሞ መነሻውን ነው። ከኢትዮጵያዊ ሐኪም አባት በቼክ የተወለደው ቴዎዶር ገብረ ሥላሴ በዚያው አድጎ፣ ከስሎቫን ሊቤሬትስ ጋር የሊግ ዋንጫ አንሥቶ፣ በ2012 የአውሮፓ ዋንጫ ለቼክ ተሰልፎ ለዓመታት በቨርደር ብሬመን ተጫውቷል። ፉአድ ኢብራሂም ተቃራኒ ምሳሌ ይመስላል፤ ድሬዳዋ ተወልዶ ሚኒሶታ አደገ፤ ለአሜሪካ ታዳጊዎች ከተጫወተ በኋላ ኢትዮጵያን መርጦ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በተመለሰበት የ2013 የአፍሪካ ዋንጫ ቡድን ውስጥ ነበር። ሆኖም እሱንም ተጫዋች ያደረገው የሚኒሶታ ሜዳ ነው፤ እኛ የተቀበልነው ሌላው ያሳደገውን ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ጠንከር ያለ ነው፦ እንግዲያው ጥምር ዜግነት ፈቅዶ ልጆቹን መሰብሰብ አይቀልም ወይ? የሞሮኮ ምሳሌ ይጠቀሳል፤ በ2022 የዓለም ዋንጫ ለግማሽ ፍጻሜ የደረሰው ቡድን ከ26 ተጫዋቾቹ 14ቱ ውጭ አገር የተወለዱ ነበሩ። የዜግነት ሕጉ እንደገና ሊታይ ይገባል በሚለው እስማማለሁ። ነገር ግን ከቡድኑ ምሰሶዎች መካከል ዩሱፍ ኤን ነስሪ፣ ናይፍ አገርድና አዝዲን ኡናሂ እዚያው ሞሮኮ፣ በመሐመድ ስድስተኛ አካዳሚ የተገሩ ናቸው። ሞሮኮ ዳያስፖራዋን የጠራችው የራሷን ቤት እየሠራች ነው። ከአገር ቤት ሜዳ ተነሥቶ መሻገር እንደሚቻልም የዱራሜዋ ሎዛ አበራ አሳይታለች፤ በማልታው ብርኪርካራ ተጫውታ፣ ኋላም ጌዲዮን ባደገባት በዋሽንግተን ለዲሲ ፓወር ፈርማለች። ሳላዲን ሰዒድ ወደ ቤልጂየሙ ሊርስ የተሻገረው በግብጹ ዋዲ ደግላ በኩል ነበር፤ ሁለቱ ክለቦች በአንድ ባለቤት እጅ ስለነበሩ መንገዱ አስቀድሞ ተጠርጎ ነበር። በሁለቱም ታሪክ ተሰጥኦው ያለፈው በተዘረጋ መሥመር ላይ ነው።

ሦስተኛው፣ ውኃና መጠለያ በሚያስፈልግባት ከተማ የኳስ ሜዳ ቅንጦት ነው የሚለው ነው። ሜዳ ግን ለአርሰናል ተጫዋች ማምረቻ ብቻ አይደለም፤ ከመቶ ልጆች ዘጠና ዘጠኙ ፕሮፌሽናል ባይሆኑ እንኳ ጤናና ሥርዓት ይዘው ይወጣሉ። ከሁሉ በላይ ጉዳዩ የማይመለስ ነው። የውኃ መሥመር ዘግይቶም ይዘረጋል፤ ሕንፃ ያረፈበት ሜዳ ግን ተመልሶ ሜዳ አይሆንም።

መደምደሚያ

ንፋስ ስልክ ላፍቶ ከጀሞና ከለቡ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች እስከ መካኒሳ፣ ጎፋና ሳሪስ ነባር ሰፈሮች ድረስ ከ300 ሺህ በላይ ነዋሪ ያለው ክፍለ ከተማ ነው። ከዚህ መጣጥፍ የሚወጣው ጥያቄ ለእሱ ቀላልና ተግባራዊ ነው። በየወረዳው ቢያንስ አንድ ሜዳ በካርታ ተለይቶ ከግንባታ ይጠበቅ፤ ከ9 ዓመት ጀምሮ በዕድሜ የተከፈለ ቋሚ ውድድር ይካሄድ፤ እያንዳንዱ ተጫዋች በልደት ምስክር ወረቀቱ ይመዝገብ። መልማይ የሚያምነው ዕድሜው በሰነድ የተረጋገጠን ልጅ ነው፤ ሰነዱ የሚወጣውም ከወረዳ ነው። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። በዚያ ክረምት ጀሞ ውስጥ ተወልዶ በወረዳው መዝገብ የሰፈረ ልጅ በ2024 ዓ.ም. 16 ዓመት ይሞላዋል። ወረቀቱ አለው፤ የጎደለውን ሜዳና ውድድር እኛ እናድርስለት።