ፊልም ላይ ያለው ካሜራና ቤታችን ያለው ካሜራ

እህቶቼ፣ ባለፈው ረመዳን ፋሐሂል በምሠራበት ቤት የማማ የወርቅ ቀለበት ከነሳጥኑ ጠፋ። የኮሪደሩ ካሜራ ተከፈተ። ሌሊት አንዲት ሴት ስታልፍ ይታያል፤ እኔ ነኝ። እጄ ላይ አንድ ነጭ ነገር አለ፣ ምን እንደሆነ ግን አይለይም። የቤቱ ትልቁ ልጅ «ቆይ ዙም ላርገው፣ አሁን ይታያል» አለ። አጎላው፣ ደግሞ አጎላው። በመጨረሻ የቀረው አራት ማዕዘን ነጠብጣብ ብቻ ሆነ። ማማ ግን «ያው ሳጥኑ!» አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም «ትንሽ ቢያጎላው የሕፃኑ ጡጦ መሆኑ ይታይልኛል» እያልኩ እየጸለይኩ ነበር። ያን ተስፋ ሁላችንም ያገኘነው ከፊልም ነው።

ነገሩ ከነከነኝና ስለ ካሜራ ታሪክ ማንበብ ጀመርኩ። የፈረንሳዊው ዳጌር የፎቶ አነሳስ ዘዴ ለዓለም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ከዚያ ወዲህ ካሜራ ብዙ ተሻሽሏል፣ አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፤ የሚይዘው በዚያች ቅጽበት በሌንሱ የገባውን ብርሃን ብቻ ነው። የዛሬው ካሜራ ያን ብርሃን በጥቃቅን ነጥቦች ይመዘግባል። ስታጎዪው ነጥቦቹ ይተልቃሉ እንጂ አይበዙም። አንድ ጭልፋ ሊጥ ትልቅ ምጣድ ላይ ብታሰፊው ይሳሳል እንጂ ሁለት እንጀራ አይሆንም።

የሚገርመው፣ የድሮ ፊልም ይህን ያውቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 በወጣው የአንቶኒዮኒ ፊልም «ብሎው አፕ» ውስጥ አንድ ፎቶ አንሺ ለንደን መናፈሻ ውስጥ ያነሳውን ፎቶ እያጎላ ሲያጥብ ቁጥቋጦ ውስጥ ሽጉጥና ሬሳ ያየ ይመስለዋል። ባጎላው ቁጥር ግን ምስሉ ወደ ነጠብጣብ ይለወጣል፤ መጨረሻ ላይ ራሱን ይጠራጠራል። በ1982 «ብሌድ ራነር» መጣ። እዚያ ጀግናው አንዲት ፎቶ ማሽን ውስጥ ይከትና በቃሉ እያዘዘ፣ ከግድግዳ ጀርባ የተኛችውን ሴት ሳይቀር ያወጣል። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ «ሲ ኤስ አይ» የሚባለው የፖሊስ ተከታታይ ድራማ ደብዛዛውን ምስል በአንድ ቁልፍ ሲያጠራ፣ ዓለም ሁሉ እውነት መሰለው።

ፎቶን ያለ ጥያቄ ማመን ግን በፊልም አልተጀመረም። በአገራችን ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ፣ ሰልመዋል ለሚለው ክስ ማስረጃ ተብሎ ጥምጣም የጠመጠሙበት ፎቶ ይታይ እንደነበር ይነገራል። ፎቶው ተቀጣጥሎ የተሠራ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ያኔ ፎቶ ለአብዛኛው ሰው አዲስ ነገር ነበር፤ «በዓይኔ አየሁ» ካለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል?

ወደ ራሴ ልመለስ። እኔን ያዳነኝ ዙም አይደለም፣ የኩሽናው ካሜራ ነው። እሱ ቅርብ ስለሆነ ወተት ሞልቼ ጡጦውን ይዤ ስወጣ በግልጽ ያሳያል። «እሱንም ክፈቱት» ብዬ አልቅሼ ለመንኩ፣ ተከፈተ። ማማ ይቅርታ አላለችኝም። ቀለበቱም የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ፖሊስ ግን አልተጠራም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ እንዲህ ያለ ቀን ከመጣባችሁ «አጉሉት» አትበሉ። «ሌላ ካሜራ የለም ወይ? ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውንም እንይ» በሉ። ቶሎ በሉ፤ መቅጃው ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ በላዩ ላይ ይቀዳል። ምስል እናጠራለን የሚሉ የስልክ አፖችም የሌለውን ፊት ገምተው ይስላሉ፤ ግምት ደግሞ ማስረጃ አይሆንም። እናንተም የደመወዝ ደረሰኝ ወይ የተጎዳ ሰውነት ፎቶ ስታነሱ ቀርባችሁ፣ በብርሃን፣ ደጋግማችሁ አንሱ። በዋትሳፕ ስትልኩት ጥራቱ ይቀንሳልና ዋናውን ከስልካችሁ አታጥፉ። መጀመሪያ ያልተያዘውን በኋላ የሚያወጣ ማሽን ያለው ፊልም ላይ ብቻ ነው።