የድረ ገጻችን ቁልፍ በማን እጅ ነው?

እኔ ካምፕ ውስጥ አስተማሪ ነኝ እንጂ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ሆኖም የትምህርት ቤታችንን ትንሽ ድረ ገጽ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ስለምይዝ፣ ከራሳችን ስህተት የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

አንድ ቀን ጠዋት የአንድ ተማሪ እናት መጥተው "ቲቸር፣ ፈተናው ለምን ወደ ሌላ ሳምንት ተዛወረ?" አሉኝ። እኛ ያዛወርነው ነገር የለም። ድረ ገጹን ስንከፍት ግን ማስታወቂያው ተቀይሯል። እኛም ሆንን ከእኛ በፊት የሠሩት ልጆች በሙሉ የምንገባው በአንድ የአድሚን ፓስወርድ ስለነበር፣ ማን እንደቀየረው እስከ ዛሬ አላወቅንም። የፈተና ቀን ነውና አረምነው። የራሽን ቀን ወይም የኢንተርቪው ጥሪ ቢሆን ኖሮስ? ስንቱ ሰው ቀኑ ባለፈው ነበር!

መግባት ሌላ፣ መፈቀድ ሌላ

ዎርድፕረስ፣ ጁምላና ድሩፓል የሚባሉት ሶፍትዌሮች ኮድ መጻፍ የማያውቅ ሰው ድረ ገጽ እንዲያስተዳድር የሚረዱ ናቸው። ሁለት ጥያቄ መጠየቅ አለባቸው። አንደኛው "ማን ነህ?" የሚል ነው፤ መልሱ ፓስወርድ ነው። ሁለተኛው "ይህን ለማድረግ ተፈቅዶልሃል ወይ?" የሚል ነው። ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ሲዘለል ወይም በደንብ ሳይጠየቅ ሲቀር የፈቃድ ቁጥጥር ድክመት ይባላል። ኦዋስፕ የተባለው በሶፍትዌር ደህንነት ላይ የሚሠራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የ10 ዋና ዋና አደጋዎች ዝርዝር ይህን 1ኛ ላይ አስቀምጦታል። በ2017ቱ ዝርዝር 5ኛ ነበር።

123 እና 123ሀ

በ2017 በዎርድፕረስ 4.7 እና 4.7.1 ላይ የተገኘውን ስህተት በራሽን ላስረዳ። በር ላይ ዘበኛ፣ መጋዘን ውስጥ ደግሞ እህል አዳይ አለ እንበል። ዘበኛው መዝገቡን አይቶ "ቁጥር 123 የሌላ ሰው ነው" ብሎ ይመልሳል። አንድ ተንኮለኛ ግን "123ሀ ነኝ" ብሎ ይመጣል። ዘበኛው 123ሀ የሚባል መዝገብ ላይ ያጣል፤ የሚከለክልበት ነገር ስለሌለው ያሳልፈዋል። አዳዩ ደግሞ ፊደሏን ትቶ ቁጥሩን ብቻ ያነብና የ123ን እህል ያስረክበዋል። ዎርድፕረስ ላይ የሆነው ይኸው ነው። ፓስወርድ የሌለው ሰው ከጽሑፉ ቁጥር ኋላ ፊደል ጨምሮ የሌላውን ጽሑፍ መቀየር ቻለ። ዘበኛው ማለት የነበረበት "መዝገብ ላይ የሌለ ሁሉ ይመለስ" ነበር።

ማስተካከያው 4.7.2 ጃንዋሪ 26 ቀን ወጣ። ሰው አፕዴት እስኪያደርግ ተብሎ ስህተቱ እስከ ፌብሩዋሪ 1 በምስጢር ተያዘ። ከተነገረ በኋላ ግን አፕዴት ባላደረጉ ድረ ገጾች ላይ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ ገጾች ተበላሹ።

ጁምላም አላመለጠም። ከ4.0.0 እስከ 4.2.7 ባሉት ላይ፣ ሳይገቡ የዳታቤዙን ፓስወርድ ጭምር ማንበብ ይቻል ነበር። በፌብሩዋሪ 2023 በ4.2.8 ተዘጋ።

እኛ ምን አደረግን?

1. እያንዳንዳችን በየራሳችን ስም እንገባለን። አሁን ማን ምን እንደጻፈ ይታወቃል።

2. ሥልጣን እንደ ሥራው ሰጠን። ዎርድፕረስ ላይ አድሚን ሁሉን ይችላል፤ ኤዲተር የሌላውንም ጽሑፍ ያርማል፤ ኦተር የራሱን ብቻ ያወጣል፤ ኮንትሪቢውተር ይጽፋል እንጂ አያወጣም፤ ሰብስክራይበር አንባቢ ነው። አድሚን አንድ ሰው ብቻ ሆነ፤ ተማሪዎቻችን ኮንትሪቢውተር ናቸው።

3. ፕሮሰሱ አልቆለት የሚሄድ ልጅ በሄደበት ቀን ስሙን እናጠፋለን። ጠልተነው አይደለም፤ የሄደ ሰው ፓስወርድ ጠባቂ ስለሌለው ነው።

4. አፕዴት ሲመጣ አናሳድርም። የማንጠቀምበትን ፕለጊን እናጠፋለን፤ እያንዳንዱ ፕለጊን አንድ ተጨማሪ በር ነው።

5. የሰው ስም ዝርዝር፣ ስልክና የኬዝ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ፈጽሞ አንጭንም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ዎርድፕረስ ላይ ገጹን በፓስወርድ ብትዘጉትም፣ የጫናችሁት ፋይል የራሱ ሊንክ አለው፤ ሊንኩን ያገኘ ሁሉ ያለ ፓስወርድ ይከፍተዋል። ከሚያሳድደው ሸሽቶ ለመጣ ሰው፣ ስሙና ያለበት ብሎክ አደባባይ መውጣቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ለአንባቢ ደግሞ አንድ ቃል። ስለ ራሽን፣ ስለ ኢንተርቪው ወይም ስለ ፈተና ድረ ገጽ ላይ ድንገተኛ ለውጥ ካያችሁ፣ ለጎረቤት ከመንገራችሁ በፊት የብሎክ መሪያችሁን ወይም ቢሮውን ጠይቁ። ያቺ እናት ባይጠይቁኝ ኖሮ፣ ስንት ልጅ ፈተናው አምልጦት ይቀር ነበር።