ክንፉ ለምን በአፍንጫ በኩል ይበቅላል?

ግሪኮች «ትንሽ ክንፍ» አሉት፤ ሐኪሞች ዛሬ ተሪጂየም የሚሉትም ከዚያው ቃል ነው። ሮማውያንና ዐረቦች ግን የታያቸው ጥፍር ነበር፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለ ሐኪም «ዘፈራ» ሲል ያንኑ የጥፍር ስም መጥራቱ ነው። እኛ ዘንድ በቀጥታ «ዓይኑ ላይ ሥጋ በቀለበት» ይባላል። ከዓይን ሞራ ጋር ዘወትር ይምታታል፤ ሞራ ግን በውስጥ ያለውን ሌንስ የሚያደበዝዝ ሲሆን ይህኛው ከነጩ የዓይን ክፍል ተነሥቶ በላይ በላይ ወደ ብሌኑ የሚሳብ ሥጋ ነው።

መቁረጡ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ኬልሱስ በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት ሥጋውን በክር አንሥቶ በምላጭ ስለ መለየት ጽፏል፤ በሱሽሩታ ስም የሚታወቀው የሕንድ የሕክምና መጽሐፍም ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ይገልጻል። ለሁለት ሺህ ዓመታት ሲቆረጥ የኖረው ሥጋ ለምን እንደሚበቅል ግን በወጉ መታወቅ የጀመረው በእኛ ወላጆች ዕድሜ ነው።

እኔ የኢኮኖሚ ባለሙያ እንጂ የዓይን ሐኪም አይደለሁም። ወደዚህ ታሪክ የሳበኝ የሙያዬ የዘወትር ራስ ምታት በውስጡ ስላለ ነው፤ አብረው የሚሄዱ ምክንያቶችን መለየት። ከቤት ውጭ የሚሠራ ሰው አቧራም፣ ነፋስም፣ ፀሐይም በአንድነት ያገኙታል። ታዲያ ጥፋተኛው የትኛው ነው? ለረጅም ጊዜ ጣት የተቀሰረው በአቧራና በነፋስ ላይ ነበር፤ ዓይን ሲቆጠቆጥ የሚሰማን እነርሱ ናቸውና። እ.ኤ.አ. በ1965 ካሜሮን የተባለ ሐኪም ሕመሙን በዓለም ካርታ ላይ ሲያሰፍረው ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜንና በስተ ደቡብ በተዘረጋ ቀበቶ ውስጥ ተከማችቶ ተገኘ። ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ በዚያ ቀበቶ ውስጥ ናት፤ ደግሞም ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር ደጋው ብርድ እንጂ ጥላ አይሰጥም።

ካርታ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሞቃት አገር አቧራማም ነውና። ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። ፍሬድ ሆሎውስ፣ ስሙ በአስመራ ከተቋቋመው የዓይን ሌንስ ፋብሪካ ጋር የተያያዘው ሐኪም፣ በገጠር ከ64,000 በላይ የአገሩን ነባር ሕዝቦችና ከ41,000 በላይ ሌሎች ነዋሪዎችን ከመረመረ ዘመቻ የተገኘውን መረጃ ከሞራን ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1984 አሳተመ። ጨረሩ በበረታበት ቀጠና ሕመሙም በዝቶ ነበር። በወጣትነቱ በዚያ ዘመቻ የሠራው ሂዩ ቴይለር ደግሞ በአሜሪካ ሜሪላንድ፣ በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ የሚያጠምዱ 838 ዓሣ አስጋሪዎችን አጠና። ምርጫው ብልህ ነው፤ በውኃ ላይ አቧራ የለም፣ ብርሃን ግን ከላይም ከታችም አለ። ቴይለር እያንዳንዱ ሰው ስንት ዓመት እንደ ሠራና ባርኔጣና መነጽር ያደርግ እንደ ነበር ጠይቆ ዓይኑን ያገኘውን ጨረር አሰላ። ጨረሩ በጨመረ መጠን ሥጋውም ይበዛ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተፈታም። ሥጋው ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር መጠን የሚበቅለው በአፍንጫ በኩል ነው። ፀሐይ ዓይንን ሁሉ ታበራለች፤ አፍንጫ እንዲያውም በዚያ በኩል የሚመጣውን ብርሃን ይጋርዳል። የሲድኒው ሐኪም ሚናስ ኮሮኔዮ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያቀረበው መልስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ለእኔ እጅግ የሚያምረው ክፍል ነው። ከጆሮ ግንድ በኩል አግድም የሚገባ ብርሃን በብሌኑ ጉብታ ይታጠፍና በዓይን ውስጥ አልፎ በተቃራኒው ጠረፍ፣ በአፍንጫ በኩል፣ እስከ 20 እጥፍ ተጠናክሮ ያርፋል። ልጆች በማጉያ መነጽር ወረቀት እንደሚያቃጥሉት ማለት ነው።

ያ ጠረፍ ደግሞ ብሌኑን ዘወትር የሚያድሱት ግንደ ሕዋሳት የሚኖሩበት አጥር ነው። ጨረሩ ዘረ መላቸውን ያውካል፤ ሕዋሳቱ እብጠት የሚያስነሡና አካባቢውን ሕብረ ሕዋስ የሚያሟሙ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ፤ አዲስ የደም ሥሮች ይዘረጋሉ፤ አጥሩ ሲፈርስ ሥጋው ይሻገራል። ፒ53 የተባለው የዕድገት ተቆጣጣሪ ፕሮቲን በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ተዛብቶ መገኘቱ ሕመሙን እንደ ተራ እርጅና ማየትን አስቀረ። በዘር የመተላለፍ ዝንባሌም አለ፤ አቧራም ፈጽሞ ነፃ አልወጣም። ተቆርጦ ብቻ የሚተው ሥጋ ብዙ ጊዜ ተመልሶ የሚበቅለውም አጥሩ ስላልተጠገነ ነው፤ የዛሬ ሐኪሞች ከታማሚው ከራሱ ዓይን ስስ ሽፋን ወስደው ክፍተቱን ይሸፍናሉ።

ይህን ስጽፍ የማስበው በባሕረ ሰላጤው ሕንፃ የሚገነቡ ወገኖቻችንን ነው። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ከሰኔ ሁለተኛ ሳምንት እስከ መስከረም መጀመሪያ ከቀኑ 6:30 እስከ 9:00 ሰዓት በፀሐይ ሥር መሥራትን ይከለክላሉ። ሕጉ ሰውነትን ከሙቀት ለማዳን የወጣ መልካም ሕግ ነው። ዓይን ግን የራሱ ሰዓት አለው። በቀትር ቅንድብ ይጋርደዋል፤ በጃፓን የተደረጉ ልኬቶች እንዳሳዩት በብዙ ወራት ወደ ዓይን የሚገባው ጨረር የሚበረታው ፀሐይ ዘንበል ባለችበት ረፋድና ከሰዓት በኋላ ነው። ሠራተኛው ወደ ሥራ የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ነው። ጎኑ ክፍት የሆነ መነጽርም ከጆሮ ግንድ በኩል የሚመጣውን ብርሃን አያግድም። ሥጋው የሚታየው ደግሞ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ውሉ ካበቃና ሰውየው አገሩ ከገባ በኋላ ነው፤ የቀዶ ጥገናውን ሒሳብ ያን ጊዜ የሚከፍለው ራሱ ነው።