«የድሬ ልጅ» ማን ናት?

ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ደረሰ። ሐረር በተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ ሳይወጣባት ቀረ፤ በምትኩ የተቆረቆረችው ከተማችንም መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ ለሥራና ለንግድ ተሰባሰበባት።

ሰው በሰፈሩም ይጠራል፤ የከዚራ ልጅ፣ የመጋላ ልጅ ይባላል። ሁሉን የሚያቅፈው ግን «የድሬ ልጅ» ነው። «ነዋሪ» የቀበሌ ቃል ነው፣ በመታወቂያ ይገኛል። «የድሬ ልጅ» የሚያሰኘው ግን ጉርብትና ነው፤ ቡና አብሮ መጠጣት፣ ለቅሶ መድረስ፣ የጎረቤትን ቋንቋ መልመድ። «ልጅ» ደግሞ ለወንድም ለሴትም እኩል ይሆናል።

ይህ ለእኛ ለሴቶች ትልቅ ነገር ነው። ከገጠር መጥታ ቀፊራ ገበያ ቁጭ ብላ ልጆቿን ያሳደገች እናት ሃያ ዓመት ቆይታም «አገርሽ የት ነው?» ስትባል አንገቷን ትደፋለች። የ1998ቱ የደቻቱ ጎርፍ ቤት ሲያፈርስ የማንንም ዘር አልጠየቀም።

እህቶች፣ አዲስ አባል ስትመጣ «ዘርሽ ምንድን ነው?» አንበላት፤ «ሰፈርሽ የት ነው?» እንበላት። ድሬ ለሁላችንም ትበቃለች።